የወርቅ ጥርሴና ያልተያዘው ገዳይ

ዛሬ ቺሮ ሻይ ቤት ውስጥ አፌን ከፍቼ ሳሳያቸው ሦስት ሰዎች ወንበራቸውን ከእኔ አራቁ።

ነገሩ የመጣው ከአንድ መምህር ነው። በደርግ ጊዜ ሲታደን ስለነበረው ባለወርቅ ጥርስ ገዳይ ያወራል። አንዱ "ገለምሶ ተገደለ" ይላል፣ ሌላው "ቦኬ ሄዶ ሚስት አግብቶ ኖረ።"

ያኔም እንዲሁ ነበር። በአንድ ቀን ቦኬም፣ ከዚያ እጅግ የራቀው ቦርደዴም ታየ ይሉን ነበር፤ ሰውዬው በቅሎ እንኳ አልነበረውም።

መምህሩ "እዚሁ ኬላ ላይ ተይዞ በሦስተኛው ቀን አመለጠ" ሲል ግን ማለፍ አልቻልኩም።

"አላመለጠም፣ ለቀቁት! የተያዘው እኔ ነኝ!" አልኩ።

ሚሊሻው የወንዱን ሁሉ አፍ እያስከፈተ ሲፈትሽ፣ ለሰርጌ ያስገባሁት ወርቅ አስያዘኝ። ገዳዩ ወርቁን ያስገባው በቅርቡ ነው ይባል ስለነበር፣ ሟች ባለቤቴ የእኔ ጥርስ የቆየ መሆኑን ልታሳይ የሰርግ ፎቷችንን ይዛ መጥታ አስፈታችኝ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። እንዴት እንዳመኗት ዛሬም አልገባኝም።

ይኸው ብዬ ጥርሴን አሳየሁ። ወንበሮቹ የራቁት ያኔ ነው።

መምህሩ በትህትና፣ "አባባ፣ ታዲያ ስንት ሰው ገደሉ?" አለኝ።

ወላሂ፣ እኔ ዶሮ እንኳ ሳርድ ፊቴን አዞራለሁ!

ቤቴ ሳልደርስ ልጄ ከገለምሶ ደወለች። "አባ፣ እውነት ነው? እማዬ ታውቅ ነበር?" አለችኝ። ጥርሱንም አስነቅለው አለች። አላስነቅልም!

ያኔ በጥርሱ የታሰረ ሌላ ሰው በሕይወት ካለ እዚህ ሥር ይጻፍልኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ገዳዩ እኔ ሆኜ መቅረቴ ነው።