እንግዳ አለብኝ

ዱባይ ተራ፣ ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ለዘገባ ሳነጋግር ነው ፖሊሶች የያዙኝ። መቅረጫዬን ተቀብለው ከገበያው ብዙም የማይርቅ ፖሊስ ጣቢያ አስገቡኝ። የክፍሉ ግድግዳ ያልበዋል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የሽንት ባልዲ አለ።

ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ጠና ያለ የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሱዳናዊ ገፍትረው አስገቡ። መንገድ ላይ ወረቀት ተጠይቆ አልያዘም።

«እንግዳው ባልዲው ጋ!» አለ ካቦው።

ሰውየው የገበያ አማርኛ ነው የሚያውቀው። ካቦው አዲስ ገቢ ማለቱ ነበር፤ ለሱዳናዊው ግን እንግዳ ማለት ቤት የሚጋበዝ ሰው ብቻ ነው። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለና ባልዲው አጠገብ ተቀመጠ። ክፍሉ አውካካ።

«ያመሰግናል እንዴ! እነሱ መጥተው አይደል ቤት ኪራይ ጣራ የነካው?» አለ አንዱ።

«ኪራይ ለእኔም ተወደደ» አለ ሱዳናዊው።

በዚህኛው ካቦው ብቻ ሳቀ።

በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሱዳናዊው ብድግ ይላል። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሚስቱንና ትንሿን ልጁን አትክልት ተራ፣ ሽንኩርት ማራገፊያው በር ላይ አቁሞ ውሃ ሊገዛ እንደወጣ ነው የያዙት።

«እስክመጣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀሺ ብያታለሁ። አትንቀሳቀስም፤ አውቃታለሁ።»

ወረቀት የሌላቸውን ወደ ድንበር የሚወስድ መኪና ከሰዓት ይመጣል ይባል ነበር። እኔ ጠያቂ ተከልክያለሁ። ወደ ውጭ ቃል መላክ የሚችለው ሚስቱ ምግብ የምታመጣለት ካቦው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ለባለቤትዎ ቢነግሩለት» አልኩት።

«የስንቱን ቤት ልጠብቅ እኔ?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፖሊሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ምሳ ዕቃውን አቀበለው። ካቦው እንደያዘው ቆመ። ወደ ባልዲው አየ። ከዚያ በፖሊሱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ውጭ ለቆመችው ሚስቱ ጮኸ፦

«ስሚ! እንግዳ አለብኝ! ሚስቱ አትክልት ተራ ናት፣ ሽንኩርት ማራገፊያው በር ላይ፣ ልጅ ይዛለች። ቤት አስገቢያቸው! እራትም ጨምሪ!»

«በቃ!» አለ ፖሊሱ፤ በሩ ተዘጋ። መስማቷን አላወቅንም።

ካቦው ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ። ሱዳናዊው እጁን ታጥቦ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለካቦው አጎረሰ።

ከሰዓት መኪናው መጣ። ሲወስዱት ደፉ ላይ ዞረና መዳፉን እንደገና ደረቱ ላይ አደረገ። ማንም አልሳቀም።

ማታ ምግቡ በርከት ብሎ መጣ። ፖሊሱ ዕቃውን ሲያቀብል «እንግዶቹ ገብተዋል ብላለች» አለ።

ይህን ቃል ለሱዳናዊው ያደረሰለት ሰው ይኑር አይኑር እስካሁን አላውቅም። ታክሲ ውስጥ «ከተማው እንግዳ በዛበት» ሲሉ ስሰማ ግን የትኛውን እንግዳ እንደሚሉ ለመለየት ድምፃቸውን አዳምጣለሁ።