የካምባዋ ኦርኪድ

ባለፈው ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ዳና ናቸው፤ ካምባ አግብታ የምትኖረው እህቴ ጎረቤት። መስመሩ ይቆራረጣል።

«አበበች... ሰማሽ? አበበች... ቶሎ ነይ» ብለውኝ ጠፉ።

እህቴ ስሟ አበበች ነው። ያውም መውለጃዋ ደርሷል። ቲማቲሙን ጥዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። መኪና ልሳፈር ስል እንደገና ደወሉ። «እህቴ ምን ሆነች?» አልኳቸው።

«እህትሽ ደህና ናት። ወይራው ላይ ያሰርሻት ናት ያበበችው።»

መናኸሪያው መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሥራዬ ተክል ማባዛት ነው። ከካምባ በላይ ባለው ደን አንዲት ነጭ ኦርኪድ ነበረች። አፈር አትፈልግም፤ ሥሯን ቅርንጫፍ ላይ ጠምጥማ ነው የምትኖረው። ደኑ ሲመነጠር እኔ የማውቀው አንድ ወይራ ላይ ብቻ ቀረች። እሱንም ነፋስ ጣለው። ጋሽ ዳና ከወደቀው ዛፍ ላይ አንድ ፍሬዋን ቆርጠው፣ በኮባ ጠቅልለው ላኩልኝ።

ዘሯ አቧራ ነው፤ ካስነጠስክ ይበናል። ስኳር የገባበት ምግብ አዘጋጅቼ ጠርሙስ ውስጥ ዘራሁት። ሻጋታ በላው። ደግሜ ዘራሁ፣ ያንንም በላው። ባልደረቦቼ ድንች ብትተክዪ ይሻልሽ ነበር እያሉ ይስቁብኛል። ዘሩ ሊያልቅ ሲል አንዱ ጠርሙስ ውስጥ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታየ...

ችግኞቹ ሲጠነክሩ ጋሽ ዳና ጓሮ ካለው ወይራ ላይ አሰርናቸው። አብዛኞቹን በጋው ጨረሳቸው። ለተረፉት ጋሽ ዳና ውሃ እየረጩ፣ ጦጣ እያባረሩ ዓመታት ጠበቁ።

ካምባ ስደርስ እህቴ ሆዷን ደግፋ ዛፉ ሥር ቆማለች። ጋሽ ዳና ኔትወርክ አጥተው እንጂ ካበበች ሰንብታለች አሉኝ። እህቴ ደህና መሆኗን ከሰማሁ በኋላም የቸኮልኩት የአበባዋን ዱቄት በእጄ ከአበባ አበባ ላዳርስላት ነው፤ ያለዚያ ፍሬ አትይዝም። የአበባዋ ማር ያለው ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ስለሆነ የሚደርስባት ምላሷ የረዘመ የእሳት እራት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ከደኑ ጋር ጠፍታለች ብዬ ነበር።

ዱቄቱን የማነሳበት የክብሪት እንጨት ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። አንዷ አበባ ጠውልጋለች... ከሥሯ ግን ፍሬ ማበጥ ጀምሯል።

«ጋሽ ዳና፣ ሰው ነክቷታል?»

«ማንም አልነካት። አመሻሽ ላይ ግን አንዲት የእሳት እራት ስታንዣብብባት አይቻለሁ።»

ክብሪቱን ኪሴ ከተትኩ። ሥራዬን ተቀምቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።