እናቴ ክፍል ያስገባሁት ከሰል

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ምስክርነት አለኝ ብዬ እጄን ሳወጣ ባለቤቴ ትዕግሥት ደንግጣ አየችኝ። እውነቷን ነው። ጫት ነጋዴ ነበርኩ፤ ከበደሳ የመጣውን ጭሮ ገበያ እሸጣለሁ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ እኔው ቁጭ ብዬ እቅማለሁ። ‘ጸልይ’ ስትለኝ ‘አንቺ ለሁለታችንም ጸልዪ’ እላት ነበር። ይሄ ምላሴ!

ክረምት ነበር። እናቴ ከመሰላ መጥታ እኛ ጋ ነበረች፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣታል። በገዛ እጄ ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሏ አስገባሁ፣ የመስኮቱን ስንጥቅም በጨርቅ ወተፍኩ። ‘ተባረክ ልጄ’ ብላኝ ተኛች። እኔ ከጎረቤቴ ከአብዲ ጋር ሳሎን በርጫ ተቀመጥኩ። በርጫ ላይ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ነፋስ ከገባ ምርቃናው ይበላሻል።

ግድግዳችን ላይ አንዲት ነጭ እቃ ነበረች። የትዕግሥት እህት ከአረብ አገር ያመጣቻት ናት፤ ከሰል የሚያወጣው የማይታይ መርዝ ቤት ውስጥ ሲበዛ ትጮሃለች። ትዕግሥት ስትነግረኝ እኔ መች ሰማሁ! ልክ ምርቃናዬ ሲመጣ፣ ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ!

‘ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?’ አለ አብዲ። ‘ወላሂ፣ ራሴን ወቀረኝ።’

‘ባትሪዋ አልቆ ነው’ አልኩና ነቅዬ ግቢ አወጣኋት። ትንሽ ጮኻ ዝም አለች። ‘አየህ?’ ብዬ ሳቅሁ፤ በሩን መልሼ ዘጋሁ። ወገኖቼ፣ እናቴ እየሞተች እኔ ሳቅሁ!

ትዕግሥት ከገበያ ስትመለስ እቃዋን ከግቢ አንስታ ገባች። ጲጵ! ጲጵ! ይዛት ወጣች፤ እቃዋ ቆይታ ዝም አለች። ደግማ ይዛት ስትገባ እቃዋ ጮኸች።

‘ምን ያዞርሻል? በር ዝጊ!’ ብዬ ተቆጣሁ።

‘ውጭ ዝም ትላለች፣ ቤት ስትገባ ትጮሃለች! ችግሩ ቤቱ ውስጥ ነው! እማዬስ?’

ልነሳ ስል ቤቱ ዞረብኝ። አብዲ ግድግዳ ይዞ ወጣ። ትዕግሥት የእናቴን በር ከፍታ ‘ኢየሱስ! ኢየሱስ!’ ስትል ሰማሁ። ብንጠራት አትሰማም። ጎትተን አወጣናትና በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት፣ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ። መጸለይ አላውቅም፤ ‘የትዕግሥት አምላክ፣ እናቴን!’ ብቻ አልኩ።

ሐኪሙ ኦክስጅን አደረገላትና ‘ከሰሉን ማን ነው ያስገባው?’ አለኝ።

‘እሷው ራሷ ናት’ አልኩት። አዎ፣ እንደዚያ አልኩ።

‘ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አያገኟቸውም ነበር’ አለኝ።

አመሻሹ ላይ ዓይኗን ገለጠች፤ ስሜን ጠራች። ሃሌሉያ! እዚያው አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ‘ጌታ ሆይ፣ ካሁን በኋላ ያንተ ነኝ’ አልኩ። መቃሙንም ንግዱንም ተውኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ውሸቴን ግን አልተውኩም። እናቴ ያን ቀን አታስታውስም፤ የነገርኳትን ተቀብላ ‘ልፈጃችሁ ነበር፣ ይቅር በሉኝ’ እያለች አብዲን ሳይቀር ስትለምን ዝም ብዬ አየሁ። እስከ ዛሬ ከሰል ስናቀጣጥል አንገቷን ትደፋለች።

እማዬ፣ እዚያ ከትዕግሥት ጎን ተቀምጠሽ ትሰሚኛለሽ፤ ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። መስኮቱን የወተፍኩት፣ የምትጮኸውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።

ወገኖቼ፣ የደበቃችሁት ነገር ካለ በጌታ ታመኑ። እኔን የታገሠ እናንተን አይጥላችሁም። ስሙ ይባረክ!

እናቴ ተነሥታ ወደዚህ እየመጣች ነው። እባካችሁ፣ መንገድ ልቀቁላት።