የማርሚታው ጭስ እና የእትዬ ነፋስ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ካረፈች ቆይታለች፤ እሱም ተከትሏታል። አሁን ብናገር የሚመልስልኝ የለም። እነሱም በሕይወት ሳሉ እኔ እንድመልስ አልፈቀዱልኝም። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ "ልጇን ለነፋስ የሰጠች እናት ይቺ ናት" ሲባል ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌያለሁ። የሆነውን ግን አውቃለሁ፤ እጽፈዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ሮቤ እንኖር ነበር። እኔ አስተማሪ፣ ባለቤቴ የመንግሥት እርሻ ሠራተኛ። ሁለታችንም ለባሌ ክፍለ ሀገር እንግዳ ነን። እትዬ የምንላት እህቱ "ወንድሜን በዚያ ብርድ ማን ያየዋል" ብላ ከሸዋ ተከትላን መጥታ እዚያው ቀረች። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር በአማርኛ ስውል፣ እሷ ገበያ ለገበያ ዞራ ኦሮምኛ ቀድማኝ ለመደች፤ ወይም የለመደች መሰላት። ከባለሱቁም ከጋሪ ነጂውም ጋር እኛን ወክላ የምትነጋገረው እሷ ነበረች። እኔ አጠገቧ ዘንቢል ይዤ እቆማለሁ።

ስንት እጅ እንዳለፈች የማትታወቅ አሮጌ መኪና ነበረችን። ማርሚታዋ፣ ጭስ ማውጫዋ፣ ተቀዶ ስትነሳ እንደ ጥይት ትጮሃለች። አንድ ቀን ኬላ ላይ ወታደሩ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ባለቤቴ ሁለት እጁን በመስኮት አውጥቶ "ማርሚታ ነው ጓድ፣ ማርሚታ ነው" አለ። ወታደሩ ሳይስቅ "አስጠግነው" ብሎ አሳለፈን። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴን የሚያስጨንቀው ጩኸቱ ብቻ ሆነ። የነዳጅ ሽታ የመሰለ ነገር ወደ ውስጥ ይገባል ስለው "መኪና እኮ ናት፣ ሽቶ ልትሸት ነው?" ይለኛል።

ዶዶላ ለቅሶ ልንደርስ ስንሰናዳ ባለቤቴ መኪናዋን ጋራዥ ወሰዳት። ሁላችንም አብረን ሄድን። ልጃችን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስታስል ሰንብታለች፤ የሚይዝልን ሰው ስለሌለ ልንወስዳት ነው። መካኒኩ በዕድሜ የገፋ የአገሩ ሰው ነበር። የኋላውን ቀዳዳ በየደው፤ ባለቤቴ ሞተሩን ሲያስነሳ መኪናዋ ጸጥ አለች። ሰውየው ግን በዚያ አላበቃም። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ በኦሮምኛ ስታጫውተው ወደነበረችው ወደ እትዬ ዞሮ ሁለት ቃል ተናገረ። ለእኛ እንድትነግረን ነበር።

እትዬ ሳቀች።

"ምን አለሽ?" አለ ባለቤቴ።

"ቁጡ ናት አለ፣ ሚስትህን። ወይ ጉድ፣ ጋራዥ ሳይቀር አወቃት።"

ባለቤቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔ ልጄን ታቅፌ በብርዱ ቆሜ ስለነበር ፊቴ ጠቁሮ ይሆናል። ሽማግሌው ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ስለነበር የተባለውን አልሰማም፤ ምን እንዳሳቃቸው ግራ ገብቶት ያየናል። አፍሬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ስንወጣ እጁን አንስቶ ነበር፤ የስንብት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁለት።

ዶዶላ ደርሰን አልቅሰን፣ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ተነሳን። ወደ ዲንሾ ሽቅብ ሲወጣ ብርዱን ታውቃላችሁ። እትዬ ከፊት ተቀምጣ፣ ስንመጣ ነፋስ ሲያስገባብን የነበረውን የመስኮቱን ስንጥቅ በነጠላዋ ጫፍ ወተፈች። ከኋላ እኔ ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ይዣለሁ።

"እሰይ፣ ከእግሬ ስር ሙቀት መጣልኝ" አለች እትዬ። "ያ ሰውዬ እጁ ይባረክ።"

"ምን ዓይነት ሙቀት?" አልኳት።

"ሙቀት ነዋ፣ አስተማሪዋ። ለሙቀትም ምስክር ወረቀት ላምጣልሽ?"

አዳባን ካለፍን በኋላ ራሴን አመመኝ። ከዚያ ማቅለሽለሽ መጣ። የመንገዱ ጠመዝማዛነት ነው አልኩ። ስታስል የዋለችው ልጄ ሳሏን ተወች። እትዬ ዞር ብላ አየቻትና "ተመስገን፣ ሙቀት ስታገኝ ተኛች" አለች። እኔ ግን የልጄን እንቅልፍ አውቀዋለሁ። ስትተኛ ጣቴን ጨብጣ ነው። ጣቴን መዳፏ ውስጥ ከተትኩት፤ አልጨበጠችም። ጉንጯን ነካሁ፤ ጠራኋት፤ አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ።

መስኮቱን አወረድኩት።

"ዝጊው" አለች እትዬ። "የታመመ ልጅ በነፋስ ይመታል?"

"ልጄ አልነቃ አለችኝ።"

"የተኛ ልጅ ለምን ይነቃል? ዝጊው አልኩሽ።" እጇን ወደ ኋላ ሰዳ መስኮቱን ራሷ ማንሳት ጀመረች።

ባለቤቴ "ዝጊው እንጂ፣ ትልቅ ሰው ስትናገርሽ" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

"አቁም" አልኩት። አላቆመም። መኪናዋ እየሄደች በሩን ከፈትኩት። ያኔ አቆመ።

ዲንሾ ሜዳ ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል። ጋቢውን ገፍፌ ልጄን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙሬ ያዝኳት። ደረቷ ይነሳ እንደሆን ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ከነፋሱ ጩኸት የተነሳ የምሰማው የለም። እትዬ ከኋላዬ ወርዳ "ገደለቻት፣ ሰዎች፣ በዓይኔ እያየሁ ገደለቻት" ትላለች፤ ከእኛ በቀር ሰው የለም። ባለቤቴ ጋቢውን ይዞ መሃላችን ቆሟል። ወደ እኔም ወደ እሷም አልመጣም።

ልጄ አስመለሳት። ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ የሚያስደስት ለቅሶ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። እስከ ሮቤ አራቱንም መስኮት አስከፍቼ ሄድን፤ ካልሆነ በእግሬ እንደምሄድ ስላወቁ።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቷ ወጣ። ጎባ ሆስፒታል ሳንባዋ ተነክቷል ተብሎ ተኛች። እትዬ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰች፦ ብርድ ነው፣ ዲንሾ ላይ እናቷ ለነፋስ ሰጠቻት። ሳሉ ከለቅሶው በፊት እንደነበረ ያስታወሰ አንድ ሰው አልነበረም። ሊጠይቁን የሚመጡ ሴቶች አልጋው አጠገብ ልጄን ያዩና ከዚያ ቀስ ብለው እኔን ያዩኛል። ሌት ተቀን የምጨነቀው ግን ለስሜ አልነበረም፤ ልጄ ድና በምን መኪና ነው ወደ ቤት የምትመለሰው እያልኩ ነበር።

ልብሷን ልወስድ ሮቤ ስመለስ ወደ ጋራዡ ገባሁ። ሽማግሌው ገና ሲያየኝ በአማርኛ "ጭሱን አስጠገናችሁ እንዴ?" አለኝ።

"የምን ጭስ?"

"ነግሬያችኋለሁ እኮ፣ ለትልቋ። ኣራ ቀብዲ አልኳት። መኪናዋ ጭስ አላት። ከኋላ ደፈንኩት፤ ከፊት ግን ይወጣ ነበር።"

"ቁጡ ናት ያሉ መስሏት ነበር።"

ትንሽ አሰበና "እሱማ ኣሪ ነው" አለ። "ኣሪ ቁጣ ነው። ኣራ ጭስ ነው። ወላሂ፣ ሰውን እንዲህ አልልም።"

ቤት ድረስ ይዤው መጣሁ። ባለቤቴ ባለበት ክዳኑን ከፍቶ አሳየው፤ ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ አልቋል፣ ጥላሸቱ ጥቁር መስመር ሠርቶ ፔዳሉ ስር ወዳለው ቀዳዳ ይገባል። እትዬ እግሯን ያሞቀችበት ቦታ። ሽማግሌው አዲስ ጓርኒሲዮን ገጠመ፣ ቀዳዳውንም ደፈነ፤ ቃሉን ግን እኔ ራሴ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ኣራና ኣሪን።

አልሳቀም። ጥላሸቱን በጣቱ ነክቶ ሱሪው ላይ ጠረገና "ለእትዬ እንዳትነግሪያት" አለ። "ትሰበራለች።"

እኔ ብሰበርስ አላልኩትም። እሺም አላልኩትም።

ልጃችን ስትወጣ ሁላችንም ጎባ ሄድን። እትዬ እንደ ልማዷ ከፊት ተቀመጠች፤ ልጄን ታቅፌ ከኋላ ገባሁ። መስኮቱን እኔው ዘጋሁት፤ አሁን መዝጋት ይቻል ነበር። እትዬ ዞር ብላ አየችኝ።

"ዛሬስ ዘጋሽ" አለች። "ተማርሽ።"

ባለቤቴን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ቃሉን ያውቀዋል። ማርሹን አስገብቶ መንገዱን ማየት ጀመረ። እኔ ጆሮዬን ልጄ አፍ ላይ አድርጌ ሮቤ እስክንገባ ትንፋሿን ሳዳምጥ ሄድኩ።