ለአደስ ሌላ ስም ፍለጋ

በቀደም ደሴ ፒያሳ ከእህቴ ልጅ ጋር ሻይ ስንጠጣ፣ ሐኪም ያዘዘልኝ መድኃኒት ከምን እንደተሠራ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነገረችኝ። ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ሳቄ መጣ። እኔ ስለ አንዲት ቅጠል የተጻፈ ስፈልግ በጋው አልቆ ክረምት ገብቶብኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እማራለሁ። የኦርጋኒክ ላቦራቶሪ አስተማሪያችን ደንብ ነበራቸው። ከአገሩ ቅጠል ዘይት ማውጣት የፈለገ ተማሪ፣ እሳት ከመለኮሱ በፊት ሌሎች ምን እንደሠሩ ከቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ያቀርባል። ያላቀረበ እንደማንኛውም ሰው አስፕሪን ይሠራል። እኔ ልቤ ያለው አደስ ላይ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ የእናቴ የጸጉር ቅቤ አደስ አደስ ይል ነበር። ያ ሽታ ምን እንደሆነ የማወቅ ጉጉት እንቅልፍ ነሳኝ።

በዓለም የታተሙ የኬሚስትሪ ጽሑፎችን ማጠቃለያ የያዙት ጥራዞች ግድግዳውን ሞልተውታል። አንዱን ለማውረድ ሁለት እጅ ይጠይቃል። ማውጫው ላይ «አደስ»ን በላቲን ፊደል ፈለግሁ፤ የለም። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ገለጥኩ፤ ቡና አለ፣ አደስ የለም። ወደ አስተማሪው ሮጬ ሄድኩና «ማንም አልነካትም!» አልኳቸው።

አስተማሪው ሳቁ። «ለመሆኑ የሮም ሰው አደስ ብሎ ይጠራታል? ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ አምጪና የዕፅዋት አዋቂዎች ይዩት። መጀመሪያ ዓለም የሚያውቅበትን ስም ያዢ።»

ለዕረፍት የይለፍ ወረቀቴን ይዤ ወደ አገሬ ተሳፈርኩ። ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ይጋረፍ ነበር፤ በማግስቱ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ዙሪያ አክስቴ ዘንድ ስደርስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ትኩስ የገብስ ቂጣ በአይብ አቀረቡልኝ።

«ምን ልታደርጊያት ነው?» አሉ አክስቴ።

«ስሟን ልፈልግላት ነው።»

«ኧረ በአላህ! አደስ ስም አጥታ ነው? መንግሥት የሚያስተምርሽ ለዚህ ነው?»

ቢሆንም ቢስሚላህ ብለው፣ ጥቁር ፍሬ ያንዠረገገውን ቅርንጫፍ ቆረጡልኝ። በጋዜጣ መሐል አድርጌ ወሰድኩት።

አዲስ አበባ ስመለስ የዕፅዋት አዋቂዎቹ አይተው «ሚርተስ ኮሙኒስ ናት» አሉኝ። በዚያ ስም ማውጫውን ስገልጥ ገጽ በገጽ ናት! ጣሊያኖች፣ ቱርኮች፣ ሌሎችም በእንፋሎት አፍልተው ዘይቷን አውጥተዋል፤ ሽታዋን የሚሠሩትን ነገሮች ዘርዝረዋል። ከፋኝ፤ ሀብቴን የተቀማሁ መሰለኝ። ግን ማንበቤን ማቆም አልቻልኩም። የአንዱ አገር ዘይት ከሌላው ይለያል። የኛይቱስ? ጥራዝ ከጥራዝ ፈለግሁ፤ የኛን አገር ቅጠል የሚያነሳ አጣሁ። «ማንም አልሠራውም» ብዬ ጽፌ አቀረብኩ።

አስተማሪው ሰረዙት። «በእነዚህ ጥራዞች አላገኘሁም በይ። የምታውቂው ይህን ያህል ነው።» ከዚያ ፈረሙልኝ። አስፕሪን ቀረልኝ።

አክስቴ በጆንያ የላኩልኝን ቅጠል ሁሉ አፍልቼ ያገኘሁት ጥቂት ቢጫ ጠብታ ነበር። ክረምት ላይ በብልቃጥ ይዤላቸው ደሴ ሄድኩ። አክስቴ ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱት። አደስ ባሕር ማዶም እንደምትበቅል፣ ሰዎቹ ከኛ ቀድመው እንደጻፉላት ስነግራቸው እንደኔ የሚከፋቸው መስሎኝ ነበር።

«ማሻአላህ! ለነሱም ሰጥቷቸዋል?» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ሴቶቻቸውስ ቅቤ ውስጥ ይጨምሯታል?»

አላውቅም ነበር። ያን መፈለግ ጭራሽ አልመጣልኝም።

አክስቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔ ቀደሙኝ ብዬ ያኮረፍኩበትን ወሬ፣ እሳቸው የጠፋ ዘመድ ተገኘ እንደተባለ ሰው ሰሙት። ዛሬ የሆነ ነገር ፈልጌ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ፈልጎት ባገኝ ደስ ይለኛል። ያ ነገር ያስጨነቀው ሰው ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም።