ጀጎልን በመዳፉ የሚያውቅ ልጅ

ልጅ ሳለሁ ጎበዝ ነበርኩ፤ ቢያንስ ሰርተፊኬቴ እንደዚያ ይላል። በየዓመቱ ከክፍል አንደኛ እየወጣሁ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ የወጥ እርድ ገዝቼ ቤቴ መመለስ ግን ያቅተኝ ነበር። የጀጎል ጉራንጉር ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ያው ኖራ የተቀባ ግንብ፣ ያው መታጠፊያ። እርዴን አቅፌ ሳለቅስ ሻጮቹ «አቦ፣ የመምህሩ ልጅ ዛሬም ጠፋ!» ብለው ይስቁና ረድዋንን ይጠሩልኛል።

ረድዋን የክፍሌ ልጅ፣ በፈላና በር ሰፈር ጎረቤቴ ነበር። ደጋግሞ በመውደቁ በዕድሜ ይበልጠናል። ክፍል ውስጥ መጨረሻ ነው። ዓይኑን በሻሽ አስረን፣ አዟዙረን የትም ብንተወው ግን፣ ግንቡን ዳብሶ የማን ቤት እንደሆነ ይነግረናል። «አንተ አንደኛ፣ ግራ እጅህን ከግንቡ አታንሳ፤ ግንብ አይዋሽም» እያለ ይቀልድብኛል።

ያኔ ከትምህርት የወደቀ ጎረምሳ ዕጣው ብሔራዊ ውትድርና ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ እናቱ ሀሊማ አባቴ ዘንድ መጣች።

«መምህር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ልጄን ከዘመቻ ያስጥሉልኝ።»

ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አባቴ «አይዞሽ፣ ጭንቅላት እንደ ቢላ ነው፤ በጥናት ይሳላል» አላት። አስጠኚ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ የሚጠፋው ሊቅ! ረድዋን ከሒሳቡ ጎን የጀጎልን መንገዶች አንድ በአንድ ይሥላል። አባቴ እርሳሱን እየቀማ «ይህን ጨዋታ ተው» ይለዋል። ረድዋን ወደቀ። ቀበሌም ለዘመቻ ወሰደው።

በሰፈራችን ልጁ ፈተና ያለፈለት ሁሉ ለጎረቤት ጣፋጩን ሀልዋ ያድላል። ሀሊማ ግን የሌላውን ስትቀምስ ኖራ፣ ተራው ለእሷ ደርሶ አያውቅም። አንድ ቀን በክራንች የሚሄድ የረድዋን ጓድ ከጦር ሜዳ መጣ።

«እናቴ፣ ልጅሽ እኮ ጉድ ነው! አንዴ ያየውን መሬት አይረሳም። ፈንጂ ባለበት ሁሉ ፊት ፊት እየሄደ የሚመራን እሱ ነው፤ አዛዡ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም።»

ሀሊማ እልል አለች። ልጇን ሰው ሲያመሰግንላት የመጀመሪያዋ ነበር። ሀልዋ ገዝታ ቤት ለቤት አደለች። እኔ ሆዳሙ ድርሻዬን ውጬ ጣቴን ላስኩ። አባቴ ግን ድርሻውን እንደያዘ ቀረ፤ ሀልዋው መዳፉ ላይ ቀለጠ።

«እኛ መጨረሻ ያስቀመጥነውን ልጅ» አለ ሀሊማ ከወጣች በኋላ፣ «እነሱ ፊት አስቀደሙት።»

ክረምቱ ሳይወጣ መርዶው መጣ።

በቀደም የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። መምህርቷ «የልጅ ብልህነት አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ በቁጥር፣ አንዱ በእጁ፣ አንዱ ቦታን በማወቅ ይበልጣል፤ ሥራውም በዚያው ይመረጥለታል» አለችን። ጎበዝ ተማሪ ነኝና ራሴን ነቀነቅሁ። በልቤ ግን ለረድዋን ሥራ እመርጥ ነበር፦ ካርታ ሠሪ፣ መሐንዲስ፣ ቢያንስ እንግዳ አስጎብኚ።

ከስብሰባው ወጥቼ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ በአቋራጭ እሄዳለሁ ብዬ፣ በዚህ ሽበቴ ጠፋሁ። ልጆች «አባባ ጠፉ!» ብለው ሳቁ። ግራ እጄን ግንቡ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ረድዋን እንዳለው ግንብ አይዋሽም ይሆናል፤ ለእኔ ግን አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።