በጥፊ የሚናገር ሬድዮ

ኤሌክትሮኒክስና ኮሙኒኬሽን ምህንድስና አምስት ዓመት ተምሬያለሁ። ምን እንደተማርኩ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የኮርሶቹን ስም እደረድርለታለሁ፤ ሰርኪት፣ ሲግናል፣ አንቴና፣ ዲጂታል ኮሙኒኬሽን። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኝና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ይኸ ነገር ቻርጅ አልይዝ ብሎኛል» ይላል። ባትሪውን ቀይረው እለዋለሁ። ከዚህ የረቀቀ ምክር ሰጥቼ አላውቅም።

አባቴ የኮርስ ስም ጠይቆኝ አያውቅም። ከዳባት ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀዬ ውስጥ ገብስና ባቄላ የሚያመርት ገበሬ ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው እርሻውን ለወንድሞቼ ለቆ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይውል ጀመር። እዚያ ከጎኑ የማይለየው አንድ ጥቁር ሬድዮ ነበረው። ዜና አንባቢውን «ሰውየው» ይለዋል። «ሰውየው ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» ይለናል። «ሰውየው የሚያወራውን ራሱም አላመነበት» ይለናል። ከቤት ስለማይወጣ ከሰውየው ሌላ ብዙ የጨዋታ ጓደኛ አልነበረውም።

ሬድዮው ጥቂት ይናገርና ድምፁ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። አባቴ ያን ጊዜ በመዳፉ ግራ ጎኑን ሁለቴ ይመታዋል። ሬድዮው ካቆመበት ይቀጥላል። ከመመታቱ ብዛት በዚያ በኩል ቀለሙ ለቆ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ለሴሚስተር እረፍት ቤት ከርሜ ወደ ጎንደር ልመለስ ስል፣ ሬድዮውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ምነው ይኸን ነገር ብታይልኝ፣ ልጄ። ጎኑን ስመታው ሸጋ አድርጎ ይናገራል። ተዚያ መልሶ ይተኛል።»

«አባየ፣ ኤሌክትሮኒክስ በጥፊ አይታከምም» አልኩት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኛ፤ ጥፊ ያስቀኝ ነበር።

«እኔማ ያለኝ ጥፊ ነው» አለ እየሳቀ። «እውቀቱ አንች ጋ ነው።»

ለፋሲካ ሠርቼ አመጣልሃለሁ አልኩት።

እውቀቱ እኔ ጋ እንዴት እንደነበረ ልናገር። ላብ ስንገባ ለአንድ ኦሲሎስኮፕ አምስት ተማሪ ነበርን። ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቁልፎቹን የሚያዞሩት ወንዶቹ ናቸው። ለእኔ «ጽሑፍሽ ያምራል» ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጸሐፊ ሆንኩ። የምጽፈው ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው የመጣ አይደለም። መሣሪያው እንደ መጽሐፉ አልሠራ ሲል፣ ከሲኒየሮች የወረስነውን የላብ ሪፖርት እናወጣለን። የነሱን ቁጥር አይተን፣ የተለካ እንዲመስል ከጫፉ ትንሽ እናጎድላለን። እነሱም ከሲኒየሮቻቸው ወርሰውት ነው። ከአሥር ዘጠኝ እናገኛለን። እኔ በጽሑፌ ማማር ምክንያት አንዳንዴ ዘጠኝ ተኩል አገኝ ነበር፣ ደስም ይለኝ ነበር።

ጎንደር በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሬድዮውን በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡን ሳየው ልቤ ሞቀ፤ ሁሉንም በስም አውቀዋለሁ። ከመሃል የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ትናንሽ የቆርቆሮ ሣጥኖች አሉ፤ አናታቸው ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ነው። ውስጣቸው ጥቅል ሽቦ አለ፤ አናታቸው ላይ ደግሞ የካቻቢቴ ጫፍ የሚገባበት ስንጥቅ። መጽሐፉ እነዚህ ጥቅሎች በአራት መቶ ሃምሳ አምስት ኪሎ ኸርዝ ላይ መስተካከል አለባቸው ይላል። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። እንግዲህ ሬድዮው ከተበላሸ እነሱ ከቦታቸው ተዛንፈው ነው አልኩ። የምለካበት ነገር የለኝም። ቢጫውን ግማሽ ዙር አዞርኩት፣ ከዚያ ነጩን፣ ከዚያ ጥቁሩን፣ ከዚያ እንደገና ቢጫውን።

ሬድዮው ሽሽሽ ብቻ አለ። ወደነበረበት ልመልሰው ብል የት እንደነበረ አላወቅሁም። የሦስት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ያን ብቻ አልጻፍኩትም። በመጨረሻ ግራ ጎኑን ሁለቴ መታሁት። ምንም የለም።

ፋሲካ ደረሰ። ወደ እናቴ ስልክ ደውዬ ለአባቴ «ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው» አልኩት።

«ሸጋ ነው። አትቸኩይ» አለኝ።

ሬድዮውን ሎከሬ ውስጥ ከሹራቦቼ ሥር አስቀመጥኩት። አራተኛ ዓመት ሆነ፣ ሌላ ፋሲካ መጣና አለፈ። ቤት በሄድኩ ቁጥር አባቴ ስለ ሬድዮው አንዲት ቃል አያነሳም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ኔትወርክም ለሳምንታት ይጠፋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ እፎይ እል ነበር። ኮሙኒኬሽን የምትማር ልጅ ነኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ማፈርም ሰልችቶኝ ነበር። ክፍል እገባለሁ፣ ማስታወሻ እይዛለሁ፣ ካፌ እሰለፋለሁ። ሎከሩን ስከፍት ሹራቦቹን ከላይ ብቻ ነው የማነሳው።

አምስተኛ ዓመት ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ እናቴ ደውላ «አባትሽ ተኝቷል» አለችኝ። «ወደ መደቡም አይወጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውል።»

በማግሥቱ ሬድዮውን ይዤ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከማራኪ በሚኒባስ ወደ አራዳ ገበያ ወረድኩ። ከገበያው ጀርባ ሬድዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ሁለት ሰው የማያስቆም ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ሬድዮውን ሲቀበሉኝ ክዳኑን አልፈቱም። መጀመሪያ የባትሪ ድንጋይ የሚገባበትን ከፈቱ። ግራ ጎን ያለው ስፕሪንግ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«በሽታው ይኼ ነበር» አሉኝ። «ሲመቱት ዝገቱ ይነቃነቅና ይነካካል፤ ይናገራል። አይደለም?»

«አዎ፣ አያ» አልኳቸው። አባቴ በመዳፉ ያገኘውን እኔ በሁለት ዓመት አላገኘሁትም።

ከዚያ ጀርባውን ፈቱና ጎንበስ ብለው አዩት።

«እነዚህን ባለ ቀለሞቹን ማን ነካቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተማሪ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ገና ሳየው ገብቶኛል። ያልተማረ ሰው እነዚህን አይነካም፤ ፈርቶ ይተዋቸዋል።» ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ገደለው።»

በክፋት አልተናገሩትም። አብሬያቸው ሳቅሁ። ሊሰማኝ የሚገባው ነገር ብዙ ነበር፤ አልተሰማኝም።

«በጆሮዬ ባስተካክለው እንደ ድሮው አይሆንም» አሉኝ። «እናንተ ዘንድ ልኩን ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ እሱን ለቀሽ በፀጉር ስንጥቅ ያህል እያዞርሽ ድምፁን አዳምጪ» አሉ። «በብረት ደግሞ እንዳትነኪው፣ ብረት ያሳስተዋል፤ እንጨት ቅረጪ።» የቀረጽኩት የወይራ መፋቂያ ነበር። ጫፉን በምላጭ አሹዬ የካቻቢቴ ጫፍ አስመሰልኩት።

የላቡን ቁልፍ የሚይዘው ቴክኒሻን ብዙ ከለመንኩት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ከፈተልኝ። ፋይናል ሊጀመር ሁለት ቀን ቀርቶታል። በአምስት ዓመት ውስጥ መሣሪያው ፊት ብቻዬን ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሲግናል ጄኔሬተሩን አራት መቶ ሃምሳ አምስት ላይ አደረግሁት። ሬድዮው ከሩቅ እንደሚሰማ ትንኝ ጢ አለ። ጥቁሩን በመፋቂያዬ ነካ ሳደርገው ድምፁ ጎላ፤ ነጩን ሳዞር ይበልጥ ጎላ፤ ቢጫውን ሳዞር ጆሮ የሚወጋ ሆነ። ስንት እንዳዞርኩ እያንዳንዱን ጻፍኩ። ከዚያ መሣሪያውን ነቅዬ የሬድዮውን ጣቢያ መፈለጊያ ቀስ እያልኩ አንቀሳቀስኩ። ሰውየው ተናገረ። ጥርት አድርጎ፣ አንድም ጥፊ ሳይቀምስ። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ከአምስቱ ዓመት አንዷን ሰዓት ምረጪ ብባል ያችን እመርጣለሁ።

ወዲያው ወደ ቤት ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም አለኝ። ሰኞ ፈተና ጀመርን። የዶርም ጓደኛዬ በየቀኑ «ስልክሽን ስጪኝ፣ ቻርጅ ላድርግልሽ፤ አንቺ አጥኚ» ትለኛለች። ደግ ልጅ ናት ብዬ ሰጠኋት።

በዚያው ሳምንት ዓርብ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ ስወጣ የአባቴ ታናሽ ወንድም በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አዘዞ ነው የሚኖር። «አባትሽን ትንሽ ጠንቶበታል። ዛሬ እኛ ቤት እደሪ፣ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አለኝ። ሬድዮውን ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ስንደርስ ከፍቼ አናገርኩለት። «ጎበዝ» አለኝ። ሬድዮውን ግን አላየውም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያይ።

በማለዳው በር ተንኳኳ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ በአንድ ገቡና ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እኛ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ፈተና ላይ ላለ ተማሪም አይነገርም። ይኸንን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ የሌላ ሰው መርዶ ላይ ነጠላ አዘቅዝቄ ቆሜያለሁ። ስለዚህ አጎቴ አፉን ሳይከፍት ሁሉን ተረድቼ ጨርሼ ነበር። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው አሉኝ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔ ቀኑን ቆጠርኩ፤ ሐሙስ ሞተ፣ ያንኑ ዕለት ተቀበረ፣ ቅዳሜ ሬድዮውን አናገርኩት። የሳቅሁበት ሰዓት ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ጓደኛዬ ስልኬን ለምን ትወስደው እንደነበር ገባኝ፤ ዶርሙ ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በማንም አልተናደድኩም። ሴቶቹ እስካለቅስ ይጠብቁኛል፣ እኔ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን ሬድዮ አያለሁ። አንዷ «ደርቃ ቀረች» ስትል ሰማኋት። ልክ ናት።

ቤት ስደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሬድዮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ መደቡ ላይ፣ እሱ በሚቀመጥበት አስቀመጥኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሰው ሁሉ አየው፣ አንድም ሰው ክፈቺው አላለኝም። ሐዘን የተቀመጠ ቤት ሬድዮ አይከፈትም።

ያን ዕለት እንግዳው ሲሳሳ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጎረቤታችን ክረምቱን የራሱን ሬድዮ አምጥቶለት ነበር» አለችኝ። «‹ምነው ዝም ብለህ ትውላለህ፣ አያ፤ የኔን ስማ› ብሎት። እንቢ አለው። ‹የኔን ልጄ እየተማረችበት ነው፣ ስትጨርስ ታመጣዋለች› አለው። ለጠየቀው ሁሉ ይኸንኑ ነው የሚል።»

«አልተማርኩበትም፣ እማየ። ደህና የነበረውን ነካክቼ ገደልኩት። ከዚያ ደበቅሁት» አልኳት።

ሌላ ለቀስተኛ በር ላይ ደርሶ ነበርና እናቴ ተነሳች።

የአርባው ተዝካር እስኪወጣ ሬድዮው እዚያው መደብ ላይ ተቀመጠ። እኔም ቤት ነበርኩ። ውሃ እቀዳለሁ፣ ለመጣው ሰው እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። እንባ ቢመጣ ብዬ አንዳንዴ መቃብሩ ድረስ እሄድ ነበር። ቆሜ ቆሜ እመለሳለሁ። በመሃል ውጤት ወጣ ብለው ነገሩኝ፤ አልፌያለሁ፣ መሐንዲስ ሆኛለሁ።

ተዝካሩ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ጠዋት እናቴ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ። አባቴ ሬድዮው ሲመጣ ብሎ አስገዝቶ ያስቀመጠው ነበር። አስገባሁና ከፈትኩት። ሰውየው ጥርት ብሎ ተናገረ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማነው። ድምፁ አልደከመም፣ አልጠፋም፤ ዜናውን እስከ መጨረሻው አነበበው።

እናቴ እጇን ዘርግታ ግራ ጎኑን፣ ቀለሙ የለቀቀበትን፣ ሁለቴ መታችው።

«እማየ፣ አሁን ሳይመታም ይናገራል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ደግማ መታችው።

ያን ጊዜ አለቀስኩ።